የሱልጣኑ ማንቆርቆሪያ

አሁን የምጽፍላችሁ ነገር ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ እውነት ነው። ጠብታ ውሸት ከተገኘበት፣ ታጭዶና ታስሮ፣ ነዶው ተደጋግፎ በሚደርቅበት ሂላ ላይ ቆሞ ፀሐይ የሚጠብቀውን ሰሊጥ ድንገተኛ ዝናብ ያውርድበት። እዚህ መተማ ከዚህ የከበደ መሐላ የለም። ሰሊጡ የእኔ ሳይሆን የባለቤቴ የውቢት መሆኑ እውነት ነው፤ መሐላው ግን የራሴ ነው።

አገኘሁ እባላለሁ። ከመተማ ዮሐንስ እስከ ካርቱም፣ ከዚያም ባሕሩን ተሻግሮ እስከ ጅዳ ድረስ፣ የድሮ የቤት ዕቃ ሰብሳቢ ማነው ተብሎ ቢጠየቅ መጀመሪያ የሚጠራው የእኔ ስም ነው። ሌላው ሰው ትራክተር ይገዛል፣ ሌላው ከብት ያረባል። ትራክተር ይበላሻል፣ ከብት ይሞታል። ቴርሞስ ሲሞት አይቼ አላውቅም።

ክፍሌን ያየ ሰው ይመሰክራል። ጣዎስ የተሳለበት የቻይና ቴርሞስ አለኝ፤ በሚያዝያ ቀዝቃዛ ውኃ ስትጨምሩበት አፍልቶ ይሰጣችኋል። ክዳኑ ላይ አውራ ዶሮ የቆመበት የከሰል ካውያ አለኝ፤ ዶሮው በወጣትነቱ ይጮህ ነበር ይባላል። ጥጃ የሚያህል ራዲዮ አለኝ፤ ባትሪ ድንጋይ ሲገባለት ግቢው ውስጥ ያለው አምፖል ይደበዝዛል። ሽጉጥ የሚመስል የሲጋራ መለኮሻም አለኝ። እሱን ይዤ ከጋላባት ስሻገር አንድ ሻለቃ ጦር ከቦኝ እጄን አንሥቼ ቆሜአለሁ፤ በኋላ አዛዡ ራሱ ሲጋራውን በእሱ ለኩሶ ይቅርታ ጠይቆኛል። ይህ ሁሉ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ከወለል እስከ ቆርቆሮው ድረስ ተደርድሮ ነበር። ለእግሬ ማሳረፊያ እንኳ ስላልነበር እየተንጠላጠልሁ ነበር የምገባው።

ችግሩ ያ ክፍል ነው። ውቢት ሰሊጧን የምታስቀምጥበት ሌላ ደረቅ ቦታ የላትም። አምና ከፊሉን በረንዳ ላይ ሸራ አልብሳ አስቀምጣ ምስጥ በላባት። ዘንድሮ መኸሩ ሲቃረብ በር ላይ ቆማ ዕቃዎቼን አንድ በአንድ አየቻቸውና፣ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የሸጥኸው ዕቃ የትኛው ነው ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ታላቅ ሰብሳቢ ዝም ብሎ አይሸጥም፣ ዕቃው እስኪበስል ይጠብቃል ብዬ በትዕግሥት አስረዳኋት። ቴርሞስ በስንት ዓመቱ ይበስላል አለችኝ።

ውቢት ስትጮህ አልፈራትም። ድምጿን ዝቅ ስታደርግ ነው የምፈራት።

«ቅዳሜ ቁራሌው ይመጣል» አለች፣ ዝቅ አድርጋ። «እስከዚያ አንድ ዕቃ ሸጠህ ካሳየኸኝ ክፍሉ ያንተ ነው። ካልሸጥህ የሰሊጡ ነው።»

ቁራሌው ማለት በጋሪ እየዞረ አሮጌ ብረትና ላስቲክ የሚሰበስብ ሰው ነው። ለእሱ የእኔ ካውያ በኪሎ የሚመዘን ብረት ነው። አውራ ዶሮው ላይ መዶሻ ሲያነሣ በሐሳቤ አየሁትና ካውያውን አቅፌ አደርሁ።

ታዲያ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ዕድል ራሷ መኪና ነድታ ትመጣለች። ሐሙስ ረፋድ ላይ የአቶ ሰውነት ፒካፕ ጢስ እየተፋ በራችን ላይ ቆመ። አቶ ሰውነት የጎንደር ሰው ነው፤ አብደራፊ በኩል ዓይን የማይጨርሰው የሰሊጥ እርሻ አለው። ገንዳ ውሃ ላይ ደግሞ ትልቅ ሆቴል እየሠራ ነው። መኪናው ውኃ ፈልቶበት እስኪበርድ ድረስ እጎረቤቴ ዘሀቢያ ዘንድ ገብቶ ሻይ አዘዘ።

ስለ ዘሀቢያ አንድ ነገር ልበል፤ ምስክሬ እሷ ስለሆነች። ሻይ ቤቷና ቤቴ በአንድ ግድግዳ ነው የሚጣበቁ። ሻይ ታፈላለች፣ ከማዶ፣ ከሱዳን የሚመጣ ዕቃም ትነግዳለች፤ ከስብስቤ ግማሹ በእሷ እጅ ያለፈ ነው። ብዙ አታወራም። ስለዚህ አንድ ነገር ስትናገር ከተማው ያምናታል። እኔ ብዙ ስለማወራ ከተማው እሷን ይጠይቃል።

አቶ ሰውነት ሻዩን እየጠጣ ለሆቴሉ መግቢያ የሚሆን የጥንት ዕቃ እንደሚፈልግ ሲናገር በግድግዳው ሰማሁት። ሻዩን ሳይጨርስ ክፍሌ ውስጥ ነበር። አየ፣ ተገረመ፣ ኮፍያውን አወለቀ። ቴርሞሱን አለፈው። ራዲዮውን አለፈው። ጥግ ላይ የነበረው ኢብሪቅ ፊት ሲደርስ ግን ቤተ ክርስቲያን የገባ ይመስል ቆመ።

ኢብሪቁ አንገቱ ረጅም፣ ሆዱ ሰፊ፣ አፉ እንደ ወፍ ምንቃር የቀጠነ የነሐስ ዕቃ ነው። መልኩ የንጉሥ ነው። ሥራው ግን ሌላ ነው። በእኛ ቆላ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያውቀዋል፤ ሰው ወደ ጓሮ ሽንት ቤት ሲሄድ ውኃ ሞልቶ ይዞት የሚሄድ ነው። የሦስት ዓመት ሕፃን እንኳ ኢብሪቅ የያዘ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኝ ወዴት ነህ ብሎ አይጠይቅም። አቶ ሰውነት ግን የደጋ ሰው ነው። ኢብሪቅ በዝና እንኳ አያውቅም።

«አቶ አገኘሁ» አለኝ በአክብሮት፣ «ይህቺ የሻይ ማንቆርቆሪያ ስንት ሰው ታጠጣለች?»

እዚህ ላይ እንድትፈርዱልኝ እፈልጋለሁ። ሻይ የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያወጣው እሱ ነው። እኔ ማን ነኝና ኢንቨስተር አርማለሁ?

«ሱልጣኑ እንግዳ ሲበዛባቸው እንኳ ጎድላባቸው አታውቅም» አልሁት።

የትኛው ሱልጣን እንደሆኑ ጠየቀ። የሴናሩ አልሁት። ስማቸውንም ከነሰባት አያታቸው ዘረዘርሁለት፤ በአረብኛ ስለሆነ እዚህ ብጽፈው ወረቀቱ አይበቃም። እናታቸው ለሰርጋቸው ያሠሩላቸው መሆኑን፣ ነሐሱ የቀለጠው ከመድፍ መሆኑን፣ ሱልጣኑ ሲሞቱ ሦስት ልጆቻቸው በዚህች ዕቃ ምክንያት መካሰሳቸውን ስነግረው ዓይኑ እንባ አቀረረ። የእኔም አቀረረ። ዋጋ ጠራሁ፤ ሳይከራከር ከፈለ። ስንት እንደሆነ አልጽፍም፣ ይህን የገቢዎች ሰዎችም ያነቡታል።

ሊወጣ ሲል ግን በሩ ላይ ዞር አለ። ሆቴሉ ሲመረቅ ለክብር እንግዶች ሻይ የሚቀዳው በዚህች ማንቆርቆሪያ ነው፤ እንግዶቹ ከወደዷት ወደዷት፣ ካልወደዷት ግን ዕቃህን መልሼ ገንዘቤን እወስዳለሁ አለ። ውቢት ከኋላዬ ቆማ ሰምታ ነበር። ቁራሌውን እስከ ምረቃው አዘገየችው። ኢብሪቁ ከተመለሰ ግን በዚያው ቀን የሰሊጡ ጆንያ ክፍሉ ይገባል አለች፣ አሁንም ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ምረቃው ደረሰ። ገንዳ ውሃ እንዲህ ያለ ድግስ አይታ አታውቅም፤ ከጎንደር የመጣው የአውቶቡስ ሰልፍ ብቻ ከተማውን ዞሮ ጭራው ከራሱ ጋር ተገናኘ። እኔ የክብር ቦታ ተሰጠኝ። ሻዩን እንድታፈላ የተጠራችው ዘሀቢያ ነበረች፤ ቀረፋውን፣ ቅርንፉዱን፣ ዝንጅብሉን አስተካክላ ስትጨርስ አስተናጋጆቹ በብር ትሪ ላይ ኢብሪቁን አምጥተው ፊቷ አስቀመጡ። ኢብሪቁን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ፤ ጣሪያው ጂብሰም ነበር፣ በእውነት ሊታይ የሚገባው ጣሪያ ነው።

ዕቃውን በአሸዋ፣ በአመድ፣ በሎሚ እያፈራረቅሁ አጥቤው እንደነበር ግን ይታወቅልኝ። ጸሎት እንኳ አድርሼበታለሁ።

ሻዩ ተቀዳ። እንግዲህ አዳራሹ ለሁለት ሲከፈል ታያላችሁ። የጎንደር እንግዶች ጠጡ፣ አሞገሱ፣ ድገሙን አሉ። የቆላ ሰዎች ግን፣ ከቋራም ይምጡ ከመተማ፣ ሼሁም ቄሱም፣ ብርጭቆአቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ፎቶ ደርቀው ቀሩ። አንዱም አልጠጣ፣ አንዱም አላስቀመጠ። አቶ ሰውነት ይህን አየና ፊቱ ጠቆረ። የመተማ ሰዎች ሻዬን ለምን ናቁት ብሎ ጠየቀ።

ከመሀል አያ ማናዬ ተነሡ። አያ ማናዬ የአገር ሽማግሌ ናቸው፤ ዋሽተው አያውቁም፣ ለዚህም ነው ድሀ የሆኑ።

«ልጄ» አሉ፣ «ይህ ዕቃ እኛ ዘንድ...»

በዚያች ሰዓት ቴርሞሶቼ፣ ካውያዬ፣ ራዲዮዬ በቁራሌው ጋሪ ላይ ሆነው በፊቴ አለፉ። ዘልዬ ተነሣሁ፤ እንዴት እንደዘለልሁ ያዩ ሰዎች ጫማዬ ወለሉን እንዳልነካ ይናገራሉ።

«ይህ ዕቃ እኛ ዘንድ» አልሁ ከአፋቸው ተቀብዬ፣ «የሱልጣን ዕቃ ነው! የቆላ ሰው ደግሞ ከሱልጣን ዕቃ ያመጣው ሰው ቀድሞ ሳይጠጣለት አይጠጣም። ያያችሁት ንቀት አይደለም፣ አክብሮት ነው።»

ይህን ብዬ ኢብሪቁን ከዘሀቢያ እጅ ተቀበልሁና በቀጥታ ከአፉ አንቆረቆርሁት። የሚፋጅ ሻይ ነው፤ ጉሮሮዬ እስከ ዛሬ አላገገመም። ጨርሼ አፌን ጠረግሁ። አያ ማናዬ ብርጭቆአቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ የሳቅ ዓይነት ሳል ሳሉና ጠጡ። እሳቸው ሲጠጡ ቆላው ሁሉ ጠጣ። ጭብጨባው ጋላባት ድረስ ተሰምቶ የሱዳን ወታደሮች ነቅተው እንደነበር ነጋዴዎች ነግረውኛል። አንድ ባለሥልጣን ተነሥቶ ይህ የዞናችን ቅርስ ነው ሲል አቶ ሰውነት አቀፈኝ። ለእያንዳንዱ ፎቅ አንዳንድ ይሁንልኝ ብሎ ሌላ ኢብሪቅ አዘዘኝ። ሆቴሉ ስንት ፎቅ እንደሆነ ልንገራችሁ ብል ስለማታምኑኝ ትቼዋለሁ።

ውቢትም ቃሏን ጠበቀች። ሰሊጡን መኝታ ቤት አስገባችው፤ እኛ በረንዳ እንተኛለን። ክፍሌ ዛሬም ክፍሌ ነው።

ይህን ጽፌ እንደጨረስሁ፣ ዋሾ እንዳትሉኝ ብዬ ወረቀቱን ይዤ ወደ ዘሀቢያ ሄድሁ። ፈርሚልኝ አልኋት። አንብብልኝ አለች። ብርጭቆ እያጠበች ከመሐላው እስከ በረንዳው ድረስ ሰማችኝ፤ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ብርጭቆውን ደፍታ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ያ ዞል» አለችኝ፤ በማዶ ሰዎች አነጋገር አንተ ሰው ማለቷ ነው። «ሆቴሉ እኮ ገና መሠረቱ ነው የወጣ።»

ጽሑፍ አንዳንዴ ከግንባታ ይቀድማል አልኋት።

«አቶ ሰውነት ያን ዕለት መኪናው ፈልቶ አይደለም የቆመ፤ ሆዱን ታሞ ነው። ሽንት ቤት ጠየቀኝ። የራሴን ኢብሪቅ ውኃ ሞልቼ ሰጠሁት፣ ሲወጣ አመስግኖ መለሰልኝ። አንተን አላየህም። አንተ ካውያህን ይዘህ ገዥ ፍለጋ አብደራፊ ወርደህ ነበር።»

እንግዶቹስ ብዬ ጀመርሁ።

«ክፍልህም ሰሊጥ ነው የሞላ፤ ጆንያውን ያስገባሁ እኔና ውቢት ነን» አለች፣ ድምጿን ሳታነሣ። «ቁራሌው ቅዳሜ ዕቃህን ሲጭን ከጋሪው ላይ መልሼ ገዛሁት። ከሱቄ ጀርባ ሸራ አልብሼዋለሁ። አይጥ ገብቶበታል፣ ና ውሰድልኝ።»