የአቡ ዘይዱን የምስጢር ቃል

እኔን የሚያክል ጅል በኢርቢድ ከተማ ቢፈለግ አይገኝም። ይህን የምለው ትሕትና ይዞኝ አይደለም፤ ማስረጃ አለኝ።

ፎቶ ቤት አለኝ። ሰርግ እናነሳለን፤ የወንዶቹን አዳራሽ እኔ፣ የሴቶቹን ትልቋ ልጄ ሉጀይን። የሴቶቹ አዳራሽ ወንድ ድርሽ አይልበትም፤ ስለዚህ ሂጃባቸውን አውልቀው፣ ጸጉራቸውን ለቀው እንደ ልባቸው ይጨፍራሉ። ያ ሁሉ ፎቶ የሚቀመጠው እኔ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። አንዷ ፎቶ ብታመልጥ የሙሽራዋ ትዳር ሊፈርስ ይችላል፤ የኔ ሱቅማ ወሬውም አይገኝ።

ሐጃ ኖፋ የመጡት በዚሁ ጉዳይ ነው። ልጃቸው ቱማዲር ባለፈው ሳምንት ተድራለች፤ ሰርጓን ያነሳነው እኛ ነን። ከሌላ ፎቶ ቤት የወጣ የሙሽራ ፎቶ በየስልኩ ይዞራል የሚል ወሬ ሰምተው እንቅልፍ አጥተዋል።

«የልጄን ፎቶ ማን ያየዋል?» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

«ጂኒም አያየው፣ ሐጃ! ፓስዎርድ አለው። ከኔና ከሉጀይን በቀር የሚያውቀው የለም። ቢያርዱኝም አልናገር!» ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ሉጀይን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። «አባዬ፣ ቀይረው» ስትለኝ ስንት ጊዜዋ! እኔ ግን «የምረሳውን ነገር ምን ያደርግልኛል?» እያልኩ አባርራታለሁ። ደንበኞቼም ቢሆኑ ከኔ አይሻሉም። ሐጃ ራሳቸው ስልካቸው እምቢ ሲላቸው፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ነው፤ እስቲ ክፈትልኝ» ብለው ለታክሲ ሾፌር የሚያቀብሉ ሴት ናቸው።

ይሄኔ ጎማ ጠጋኙ አቡ ዓውዳ ከመንገዱ ማዶ፣ «አቡ ዘይዱን! ኧረ አቡ ዘይዱን! ሻይ ላምጣ?» ብሎ ጮኸ።

ስለ ስሜ ልንገራችሁ። በኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በወንድ ልጁ ነው፤ አቡ ዘይዱን ማለት የዘይዱን አባት ማለት ነው። ችግሩ፣ ዘይዱን የሚባል ልጅ የለም። ያሉኝ ሦስት ሴቶች ናቸው። ገና ጎረምሳ ሳለሁ፣ ወንድ ሲወለድልህ በአባትህ ስም ትጠራዋለህ ብለው አስቀድመው ያወጡልኝ ስም ነው። ልጁ ሳይመጣ ቀረ፤ ስሙ ግን ተጣብቆብኝ ቀረ።

ሐጃ በመስኮቱ ወደ አቡ ዓውዳ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ደግሞ ለሉጀይን፣ «እስቲ የኔ ልጅ፣ ዘይዱን ብለሽ ጻፊበት» አሏት።

ሉጀይን አየችኝ። ጻፈች። ተከፈተ።

ቱማዲር ጸጉሯን እስከ ወገቧ ለቃ ስትጨፍር ስክሪኑን ሞላችው። ወዲያው አቡ ዓውዳ የሻይ ትሪውን ይዞ በሩን በእግሩ ገፋ አያደርገው መሰላችሁ! ጃኬቴን አውልቄ ስክሪኑ ላይ ጣልኩበት።

«ምነው፣ በረደው እንዴ?» አለና ሻዩን አስቀምጦ ወጣ።

«አንተ ሰውዬ!» አሉ ሐጃ። «ሰፈሩ ቀኑን ሙሉ እየጮኸ የሚጠራህን ስም ነው ቁልፍ ያደረግከው? የልጄን ገመና በጎማ ጠጋኝ አፍ ላይ አንጠልጥለህ? አሁኑኑ ቀይር! ያለዚያ ሳይመሽ የኢርቢድ ሴት ሁሉ ይህን ይሰማል።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ፤ ደግነቱ የኔ ጅብ ገና አልመጣም ነበር።

«የሱቁን ስም ላድርገው?»

«በርህ ላይ ተጽፏል።»

«ስልክ ቁጥሬን?»

«ከሥሩ ተጽፏል።»

«የአባቴን ስም?»

«የአባትህ ስም ዘይዱን አይደለም እንዴ!»

«የኔን ስም አድርገው» አለች ሉጀይን፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል። «እዚህ ከተማ ውስጥ ማንም አያስበውም።»

አልተቆጣችም። የምታውቀውን ነው የተናገረችው። ይቺ ልጅ ሱቄን ይዛ፣ ጅልነቴን ሸፍና ስትኖር፣ እኔ ባልተወለደ ልጅ ስም በተጠራሁ ቁጥር እሷ እየሰማች «አቤት!» ስል ኖሬያለሁ።

«እውነቷን ነው» አሉ ሐጃ ድምፃቸው ወርዶ። «እኔም ባልመጣልኝ።»

ሉጀይን ስሟን ጻፈችበት። ፓስዎርዱን ደንበኛ ፊት መምከራችን እንኳ ያን ጊዜ አልታየኝም። ሐጃ ሻያቸውን ጠጥተው፣ መርቀውን ሄዱ።

ጥቂት ቆይቶ ከማዶ፣ «አቡ ዘይዱን! ብርጭቆዎቼንስ?» የሚል ጩኸት መጣ።

አቤት ልል አፌን ከፈትኩ፤ እምቢ አለኝ። ወጥቼ ደጃፉ ላይ ቆምኩ።

«አቡ ሉጀይን በለኝ!»

«ማን?»

«አቡ ሉጀይን! አልሰማህም? ሉ-ጀ-ይን! ከዛሬ ጀምሮ!»

መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየኝ። ሉጀይን ከኋላዬ እየሮጠች መጥታ ክንዴን ያዘች፤ እየሳቀች ዓይኗን ታብሳለች።

«አባዬ፣ ምን ነካህ! ፓስዎርዱን ለሰፈሩ ሁሉ አወጅከው እኮ!»

«ሌላ ፈልጊለት» አልኳት። «ይሄኛው ለኔ ያስፈልገኛል።»