የወንድሟ የመጨረሻ ስሌት

«እትዬ፣ ኮምፒውተሩ እንዳይጠፋ አደራ» አለ ሰውዬው ገና ከበሩ ሳያልፍ።

ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ ቀና ብላ አየችው። ወንድሟ ከተቀበረ ወዲህ ይህ የሥራ ባልደረባው አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። ሌላው ለቀስተኛ እሷን አቅፎ ያለቅሳል፤ እሱ ግን ለይስሙላ እጇን ነካ ያደርግና ዓይኑን የሚጥለው ጥግ ላይ ወዳለው አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ወንድሟ በድንገት የሞተ ዕለት ጠዋት እንደተወው ፋኑ ያጉረመርማል።

ሻይ የምታዞረው አክስቷ ጎንተል አደረገቻት። «የኮምፒውተሩ ዘበኛ መጣልሽ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። የሟችን ሥራ በራሱ ስም ሊያደርግ ነው የሚመላለሰው፤ ዋ ብዬሻለሁ።»

የእሷም ልብ ያንኑ ይጠረጥር ነበር። ወንበሯን ከሰው መሀል አንስታ ኮምፒውተሩ ሥር አደረገችና ሐዘኗን እዚያው ተቀመጠች።

ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ናት። ልጅ ሆኖ «ማን አለ?» ሳይል የሚቀበለው ነገር አልነበረም። አንድ ቀን የልኬት ሜትሯን ከጎረቤት ሜትር ጎን ዘርግቶ፣ የእሷ ከአገልግሎት ብዛት መለጠጡን አሳያት። በስንቱ ሱሪ ከደንበኛ ጋር በከንቱ ስትጨቃጨቅ እንደኖረች ያን ዕለት ገባት። አድጎም አልተለወጠም። ሥራው ጎርፍ ሲመጣ ግድብ ምን እንደሚሆን የሚያሰላ ፕሮግራም መጻፍ ነበር። ፕሮግራሙ የሚሠራው ቤት በሚያካክሉ ሱፐር ኮምፒውተሮች ላይ ነው፤ ማሽን በተቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ እንዳይጻፍ፣ የትም ቢወስዱት እንዲሠራ አድርጎ ያበጀዋል።

«ታዲያ ይሄ ቤት ያለው አሮጌ ምን ይፈይድልሃል?» ብላው ነበር።

«ትልቁ ማሽን ሥራውን ለብዙ ሺህ ቦታ በትኖ መልሱን ይደምራል። ይሄ ብቻውን ቀስ እያለ ይሠራል። ከግድቡ ስሌት አንዲት ቁራጭ ለሁለቱም እሰጣለሁ። የቁጥሩ ጭራ ቢለያይ ግድ የለኝም፤ የአደማመር ነገር ነው። የቁጥሩ ራስ፣ መጀመሪያው ከተለያየ ግን አንዱ እየዋሸ ነው።»

«ክር የምታህል ትለፍ፣ ጣት የምታህል አትለፍ በለኛ።»

«እሱን ነው የምልሽ» ብሎ ሳቀ።

አሁን ዘበኛው አጠገቧ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወንድሜ በሕይወት ሳለ ደጃችንን ረግጠህ አታውቅም» አለችው። «ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ተጣልተን ነበር፣ እትዬ። ፕሮግራሙን ወደ አዲሱ ማሽን ያሻገርኩት እኔ ነኝ። መልሱ አላማረኝም አለ። እኔም ጥርጣሬ በሽታው ነው ብዬ ሰው ፊት ሳቅኩበት። የግድቡ ሰዎች ግን ያንን መልስ አምነው ውሃ ሊሞሉ ነው። እሱ ሊያረጋግጥ የጀመረው ይኸው እዚህ አለ። ከተቋረጠ እንደገና ከሀ ነው።»

ይህ ደግሞ ጥርጣሬዋን አባሰው። ስሌቱ ካለቀ የሚያፍረው እሱ ራሱ ነዋ! ወንበሯን ገፋ አድርጋ ሶኬቱን በእግሯ ከለለችው።

ከሰዓት በኋላ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ብቅ አለ። ዘበኛው የአዲሱን ማሽን መልስ ስልኩ ላይ አወጣ።

«አታንብብልኝ። ስልኩን አምጣ።»

ከስክሪኑ ጎን አስደግፋ፣ መርፌ ላይ ክር እንደምታስገባ ዓይኗን አጥብባ በጣቷ አንድ በአንድ ሄደች። ገና ከመጀመሪያው ፈቀቅ ሳትል ጣቷ ቆመ። ቀና ብላ ፊቱን አየች። «ይሄማ ምንም አይደለም» ቢላት ማን ይሞግተዋል?

«የቁጥሩ ራስ ነው የተለያየው» አለ። ስልኩን አንስቶ እዚያው ፊቷ ለግድቡ መሐንዲስ ደወለ። «ውሃው ባለበት ይቁም። አዎ፣ የኔ ሥራ ሳይሆን አይቀርም ስህተቱ። ያገኘሁት እኔ አይደለሁም፤ እሱ ነው።» የወንድሟን ስም ሲጠራ ድምፁ ተሰበረ።

ልብስ ሰፊዋ ልትመልስለት አፏን ስትከፍት አንድ ነገር ጎደለባት። ፋኑ ዝም ብሏል። ከለቅሶውና ከሹክሹክታው ሥር ይሰማ የነበረው፣ ወንድሟ በእጁ ያስጀመረው ሥራ አልቋል። እስካሁን ስትጠብቀው የሰነበተችው ከሌባ ብቻ አልነበረም፤ ከዚህ ዝምታም ነበር።

ቀኝ እጇን ኮምፒውተሩ ላይ አሳረፈች። ገና ይሞቃል።

«ተነሺ እንጂ፣ ሰው መጣ» አለች አክስቷ ከበሩ።

ለቀስተኞቹ ቀረቡ። እሷ አልተነሳችም። ግራ እጇን ዘረጋችላቸው።