ኮምፒውተራችን ላይ የሰፈሩት

«እማ፣ እዚህ ላይ ማነው የሰፈረው?» አለችኝ ልጄ ትንሳኤ፣ ገና ኮምፒውተሩን ከመክፈቷ።

«ማን ይሰፍራል? እኔው ነኝ የምሠራበት።»

«ነይ እስቲ እይው።»

አየሁት። ለእኔ እንደ ወትሮው ነው። ኢንተርኔቱ ሲከፈት ከላይ መጻፊያ ሳጥን አለ፤ ከሥሩ ሌላ ሳጥን አለ፤ ከዚያም ሥር ባለቀለም ምልክት የተደረደረበት ሌላ አለ። አንዱ የማላውቀውን አገር ዝናብና ፀሐይ ይነግረኛል። አንዱ ጫማ ይሸጣል። አንዱ ኮምፒውተርሽ ታሟል እያለ ቀይ ያበራል። ገጹ ራሱ ከታች ቀጭን ሆኖ ቀርቷል፤ አጎንብሼ ነው የማየው። እኔ ኮምፒውተር ሲያረጅ እንዲህ ይሆናል ብዬ ትቼዋለሁ።

ቤታችን መርሳ ነው፤ ከመናኸሪያው ትንሽ ወረድ ብሎ። የፊቱን ክፍል ፎቶ ኮፒ ቤት አድርገነዋል። ትንሳኤ ወልዲያ አካውንቲንግ ተምራ ተመርቃ ሥራ ስታጣ ያቋቋመችው እሷ ናት። ኋላ ሥራ ልፈልግ ብላ ደሴ አክስቷ ዘንድ ስትሄድ ማሽኑን ለእኔ ትታልኝ ሄደች። መክፈቱን፣ ማተሙን፣ ኮፒውን አሳይታኛለች። እንግሊዝኛውን ባላነበውም የቱ ጋ እንደሚነካ አውቃለሁ። ደንበኛም አላጣሁም።

አሁን የመጣችው ለፈተና ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ስንት ሰው ጥሎ ጥሎ እሷን አስቀርቷታል። የመጨረሻው ፈተና በኮምፒውተር ነው፤ ካሜራ እያያት፣ ብቻዋን ክፍል ውስጥ። ካለፈች ሥራ ነው። ከተመረቀች ወዲህ ደጅ ያልጠናችበት ቢሮ የለም፤ እንዲህ እጇ አጠገብ የደረሰ ነገር ግን አልነበረም። ደሴ ሆኜ ልፈተን ስትል «ቤትሽ ኮምፒውተር እያለ ምን የሰው ሱቅ ያስገባሻል?» ብዬ ነው ያስመጣኋት። ፈተናው ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ይህን የምንነጋገረው ጠዋት ነው።

«ቢኖሩስ ምን አደረጉሽ?» አልኳት። «ቦታ ነው የያዙብሽ።»

«እማ፣ ፈተናው ላይ እያለሁ ሌላ ገጽ ከተከፈተ እንዳጭበረበርኩ ነው የሚቆጠረው። ወዲያው ይዘጋብኛል። ድጋሚ የለውም።»

እሷ ይህን እያለች ጫማ የሚሸጠው ገጽ ራሱን ከፈተ። ማንም አልነካውም።

ሁለታችንም ጫማውን እያየን ቆየን።

«ማን አስገባቸው?» አለች።

«ጠየቁኝ፣ እሺ አልኳቸው።»

«ሁሉንም?»

«ታዲያስ! ደጅ ቆሞ የጠየቀ እምቢ ይባላል?»

እውነቴን ነው። አንድ ነገር ልከፍት ስል ትንሽ ሳጥን ትመጣና ትጠይቀኛለች። ሰማያዊው እሺ ነው፣ ግራጫው እምቢ ነው። ደንበኛ አጠገቤ ቆሞ እያየኝ፣ ማሽኑ በጨዋ ደንብ እየጠየቀኝ፣ በምን አፌ እምቢ እላለሁ? እኛ ዘንድ የመጣ ሰው ማን ነህ ሳይባል ነው ውሃ የሚቀርብለት። መጀመሪያ ይቀመጣል፤ ጉዳዩን ኋላ ይናገራል። ያደግነው እንዲህ ነው።

ትንሳኤ ግንባሯን በሁለት እጇ ያዘች። «ሰዎች እኮ አይደሉም እማ።»

ወልዲያ ኮምፒውተር የሚጠግን ቢኒያም የሚባል አብሯት የተማረ ልጅ አለ። ደወለችለትና ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ነገሩን ገና ሳትጨርስለት «ፎርማት ነው የሚያስፈልገው፤ ይዘሽው ነይ» አላት።

«ዛሬ ስምንት ሰዓት ፈተና አለኝ ቢኒ። ተሠርቶ መርሳ እስክመለስ አይደርስም። አንተ ጋ ልፈተን?»

«እኔ ጋ ከትናንት ወዲህ ኢንተርኔት የለም። በሰፈሩ ሁሉ ጠፍቷል። እንግዲያው አንድ በአንድ እናስወጣቸው። እትዬ ውባለም አጠገብሽ አሉ?»

«አለሁ» አልኩት።

«እንደምን አደሩ እትዬ? የት የት ላይ እሺ እንዳሉ ያስታውሳሉ?»

«የት ላይ እምቢ አሉ ብለህ ጠይቀኝ፤ እሱ ይቀላል።»

ሳቀ። ትንሳኤ አልሳቀችም።

ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባ ሁሉ ስሙ የተጻፈበት ቦታ አለ። እሱን አስከፈታት። «እንደገቡበት ቀን ደርድሪያቸው» አላት። «አንቺ ደሴ ከሄድሽ ወዲህ የገባ፣ እናንተ ያላመጣችሁት ስም ካለ እሱ ነው።» ትንሳኤ እየጠራች፣ እኔ አውቀዋለሁ አላውቀውም እያልኩ፣ ጀመርን። የማተሚያው ስም ሲመጣ ይቆይ ተባለ። ዝናብ ነጋሪው ወጣ። ጫማ ሻጩ ወጣ። አንዷ ላይ ስንደርስ እኔ እምቢ አልኩ።

«እሷ ትቆይ። የሲሪንቃ እርሻ ምርምር ሠራተኞች ሲመጡ ወረቀታቸውን ከፒዲኤፍ ወደ ወርድ የምቀይርባት እሷ ናት። ሥራ ትሠራለች።»

«እትዬ፣ ሌሎቹን ያስገባቻቸው እሷ ናት» አለ ቢኒያም። «ከኋላዋ አስከትላ ነው የምትገባው። አንድ እሺ ሲሏት ለአምስት ነው ያሉት።»

«ሠራተኛ ናት እያልኩህ!»

«እማ!» አለች ትንሳኤ። ተውኳት። ቢከፋኝም ትውጣ አልኩ።

በዚህ መሃል ጎረቤታችን መሪማ ገባች። ከአጠገባችን ማንጎና ብርቱካን ትሸጣለች፤ ለትንሳኤ ሁለተኛ እናቷ ናት። «አሰላሙ አለይኩም፣ የፈተና ቤት! ምነው ፊታችሁ?» አለች። ነገርኳት። መጥታ በትከሻዬ ላይ አሻግራ አየች።

«ሳይጠሯቸው መጥተው፣ ቤቱን ሞልተው፣ ውጡ ሲሏቸው የማይወጡ? እነዚህማ የባሌ ዘመዶች ናቸው ወላሂ!»

ያን ጊዜ ትንሳኤም ሳቀች። ጠዋት ሙሉ የሳቀችው ያንን ብቻ ነው።

ደጅ ላይ ኮፒ የሚፈልግ ሰው ቆሞ ነበርና ትንሳኤ ልታስተናግደው ተነሣች። ያን ጊዜ ያቺ ኮምፒውተርሽ ታሟል የምትለዋ፣ ልናስወጣት ስንል፣ ሳጥን አውጥታ እየጠየቀች ነበር። ትንሳኤ እስክትመለስ ሳጥኗ ቆማ ትጠብቅ? ልጄን ላግዝ ብዬ ሰማያዊውን ተጫንኩት። አንድ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ሞላ፣ ሞላ፣ አለቀ። ትንሳኤ ስትመለስ ከላይ ሁለት አዳዲስ ሳጥኖች ተቀምጠዋል።

«ምን ነካሽ እማ?»

«ሰማያዊውን።»

«እዚህ ላይ ሰማያዊው ‹ትቆይ› ነው! የምታስወጣው ከሥር ያለችው ደቃቃዋ ናት!»

«እንዲህም አለ እንዴ?» አልኩ። ሳላስበው ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። «እስከ ዛሬ እሺ የነበረው ዛሬ ትቆይ ይሆናል?»

«እንዳናስወጣቸው ነው እኮ እንዲህ የሚያደርጉት» አለ ቢኒያም በስልኩ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከዚህ በኋላ ምንም አይንኩ።»

እጆቼን ጭኖቼ መሃል ከትቼ ተቀመጥኩ። ቤቱ የእኔ ነው፤ ልጅቱ የእኔ ናት፤ ማሽኑም የእኔ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያወሩት ቃል ግን አንዱም አልገባኝም። ከፕሮግራሙ ዝርዝር ጨርሰው ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ ላይ የተለጠፉትን ነቀሉ። ኢንተርኔቱ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣውንም ገጽ ሌላ ሰው ቀይሮት ኖሯል፤ መለሱት። ከዚያ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በራ።

ነጭ ሆነ። ሳጥን የለ፣ ጫማ የለ። ገጹ መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። መሪማ እልልታዋን ለቀቀችው።

«ገና ነው፣ ቆዩ» አለ ቢኒያም። «አንዲት ነገር ቀርታለች። መልእክት እንላክላችሁ ብለው ያስፈቀዱ ገጾች ይኖራሉ። ጥግ ላይ ብቅ የሚሉ። እነሱን ለማጥፋት መጀመሪያ…»

ስልኩ ተቋረጠ። ትንሳኤ ደወለች፤ አይገኝም። ደግማ ደወለች፤ አይገኝም። በእኔ ስልክ ሞከርን፣ በመሪማ ሞከርን። ወልዲያ በሙሉ ስልኩ ጠፍቷል ያለን ኋላ ከዚያ የመጣ የባጃጅ ልጅ ነው። ትንሳኤ በራሷ መፈለግ ጀመረች። አንዱን ትከፍታለች፣ ኔትወርኩ ይዞራል፣ ይዞራል፤ ሌላውን ትከፍታለች። ሰዓቱ ደግሞ ደረሰ። ከፈተናው በፊት ፊቷንና መታወቂያዋን ለካሜራው ማሳየት አለባት፤ ከዘገየች በሩ ይዘጋል።

«ጥግ ላይ ብትመጣም ግድ የለም» አለችኝ። እኔን ይሁን ራሷን እንደምታጽናና አላውቅም። «ካልነካኋት ምንም አታደርገኝም። አንቺ ብቻ ሰው እንዳታስገቢ። ሰው ከታየም ይዘጋል።»

በሩን ዘጋሁና ደጅ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። መሪማም ፍራፍሬዋን ለልጇ ትታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የመጣውን ሁሉ መለስኩ። የልደት ካርድ ኮፒ ላድርግ ያለውን ዛሬ የለም አልኩት። ከገጠር የመጡ አንድ አባት ጥላቸውን ተደግፈው «ልጄ፣ ከሩቅ ነው የመጣሁት፤ አንዲት ወረቀት ናት» አሉኝ። እሳቸውንም «አባቴ፣ ዛሬ ይማሩኝ፤ ነገ በነፃ እሠራልዎታለሁ» አልኳቸው። አዩኝና አለፉ። ፊቴ ጋለ።

«አብሽሪ» አለችኝ መሪማ። «አላህ ያገራዋል። እኔ ዱዓ እያደረግሁ ነው፣ አንቺም የራስሽን በዪ።»

እመቤቴን እየጠራሁ ጆሮዬን በሩ ላይ አደረግሁ። የትንሳኤ ጣቶች ይሰማሉ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ትቆማለች፣ ታስባለች መሰለኝ፤ ደግሞ ጠቅ፣ ጠቅ። እንዲህ ሲሆን ልቤ አረፍ አለ። አውቶቡስ ሲያልፍ አይሰማኝም፤ ካለፈ በኋላ ደግሞ አለች። ብዙ ሄደች። መሪማ እንኳ «ይኸው እየወረደችበት ነው» ብላ ጉልበቴን መታችኝ።

ከዚያ ጢን አለ።

ድምፁን አውቀዋለሁ። ስሠራ ሁልጊዜ ይጮኻል፤ እኔ እንዲያውም እወደው ነበር፣ ብቻዬን ስውል ሰው ያለ ይመስለኛል። ጣቶቿ ቆሙ። ጢን አለ ደግሞ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ጠቅ ሰማሁ፤ አንዲት ብቻ።

ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። መሪማን አየኋት፣ አየችኝ። በሩን ልክፈት? ብከፍት በእኔ ይዘጋባት ይሆናል። እጄን በሩ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ብጠራትስ? ድምፅ ከተሰማም ይዘጋል ብላኛለች። እንዲያው ቆምኩ።

በሩን የከፈተችው ራሷ ናት።

«ዘጋብኝ» አለች።

«ማን?»

«መልእክቷ መጣችና ‹ቀጥል› የሚለው ላይ ቁጭ አለች። ሌላዋ መጥታ በላይዋ ተደረበች። ሳላነሣት ወደሚቀጥለው ጥያቄ ማለፍ አልቻልኩም። ሰዓቱ ይቆጥራል። መዝጊያዋን ነካሁ።» እጇን ዘርግታ አየችው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። «መዝጊያ አልነበረችም እማ። ሥዕል ናት። የመዝጊያ ሥዕል ነው የሠሩላት። ገጽ ተከፈተ፣ ፈተናው ተዘጋ።»

«ንገሪያቸዋ! ካሜራው እያየሽ አይደል? አላጭበረበርኩም በያቸው።»

«ለማን?»

«ለዘጋው ሰው።»

«ሰው አይደለም የዘጋው። ራሱ ነው።»

«ታዲያ ባለቤት የለውም? ሰው ቢጣላ፣ ደም ቢቃባ እንኳ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌ እንላክ፤ እኔ ራሴ እሄዳለሁ። አዲስ አበባ አይደል? ነገ ጠዋት መኪና እይዛለሁ። እናቷ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው እላቸዋለሁ።»

ትንሳኤ ተመልሳ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች።

ፈተናው በተላከበት መልእክት ግርጌ የስልክ ቁጥር ነበረ። ትንሳኤን አስነበብኳትና እኔው ደወልኩ። ሴት አነሣች፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነው። በአማርኛ ለመቀጠል አንድን ይጫኑ አለችኝ። ተጫንኩ። የሥራ አመልካች ከሆኑ ሦስትን ይጫኑ አለችኝ። ተጫንኩ። ሁሉም ሠራተኞቻችን ሌላ ደንበኛ እያስተናገዱ ነው፣ እባክዎ ይጠብቁ አለችኝ።

«እሺ እናቴ፣ እጠብቃለሁ» አልኳት። «ልጄ አላጭበረበረችም። መልእክቷን ያስገባኋት እኔ ነኝ፣ እሷ አልነበረችም፣ ደሴ ነበረች።»

ሙዚቃ መጣ። ሙዚቃው አልቆ ሴትዮዋ ተመለሰች፤ እባክዎ ይጠብቁ አለች። እኔም ነገሩን ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።

ትንሳኤ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «እማ፣ ሰው አይደለችም እኮ። የተቀዳ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትነግሪያታለሽ?»

«ሌላ ማንን ልለምን?» አልኳት፤ ስልኩንም ከጆሮዬ አላወረድኩም።