የደወለ ማለዳ የመጨረሻው አንባቢ

የሰው ልጅ በፊቱ የቆመውን ታናሽ ባላጋራ በቍጣና በትጋት ሲያሳድድ፣ ከኋላው የሚገሠግሠውን ታላቅ ጥፋት ሳያይ መኖሩ የጥንት ልማዱ ነው፤ ይህም ዕውርነት በነገሥታትና በጦር አበጋዞች ላይ ብቻ ሳይሆን፣ በወረቀትና በቀለም በሚተዳደሩ የጥበብ ሰዎችም ላይ እንደሚደርስ፣ ክቡር አንባቢ ሆይ፣ የአቶ ክፍለ ጽዮን ዕጣ ይመሰክራል።

አቶ ክፍለ ጽዮን «ደወለ ማለዳ» የተሰኘችውን፣ በየቅዳሜው የምትወጣ ሳምንታዊ ጋዜጣ በአዲስ አበባ የመሠረቱ፣ ብዕራቸው የተሳለ፣ አንደበታቸው የታረመ፣ ትምክህታቸው ግን ከዕውቀታቸው ጥቂት የበለጠ አዘጋጅ ነበሩ። ከፍጥረት ሁሉ አብልጠው የሚጠሉት በአራት ኪሎ የመንገድ ጠርዝ ላይ ጋዜጣ የምታከራየውን አልታዬ የተባለች ሴት ነበር፤ አንዲቱን ቅጂ በጥቂት ሳንቲም ለአንዱ ሰጥታ፣ ሲጨርስ ተቀብላ ለሌላው ስለምታሻግር፣ ብዙ ሰው ያነበባት ደወለ ማለዳ ለባለቤቷ የአንድ ገዢ ዋጋ ብቻ ታስገባለች። ሥራ ፈላጊው፣ ጡረተኛውና ተማሪው በመንገዱ ዳር ባለው ድንጋይ ላይ ተደርድረው ርእሰ አንቀጹን እየተነተኑ ሲሟገቱ፣ አልታዬ «ቶሎ በሉ እንጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው!» እያለች ታጣድፋቸው ነበር።

«እነዚህ የቃሌ ሌቦች ናቸው» አሉ አቶ ክፍለ ጽዮን፤ ለአከራዮችም አንዲት ቅጂ እንኳ እንዳትሰጥ አከፋፋዮችን አዘዙ። የተበተኑት አንባቢዎች ግን ሊገዙ አልመጡም፤ በዚያው ሰሞን ከመንገዱ ማዶ ወደተከፈተው ኢንተርኔት ቤት ገብተው፣ የዓለሙን ወሬ ቅዳሜን ሳይጠብቁ ማንበብ ለመዱ። ሽያጩ እያሽቆለቆለ ሲሄድ ልጃቸው ማኅሌት «አባዬ፣ አንባቢው ወደሄደበት እኛም እንሂድ፤ ጋዜጣችን በኢንተርኔት ይውጣ» ብላ ለመነቻቸው። ከብዙ ክርክር በኋላ እሺ አሉ፤ ነገር ግን አዲሱን ነገር የተቀበሉት በአሮጌው ፍርሃት ነበርና፣ ጽሑፉ ተገልብጦ እንዳይሰረቅ፣ የፊደሉም ውበት እንዳይጎድል፣ እያንዳንዱ ገጽ በፎቶ እንዲገባ ቈርጠው ተናገሩ።

«ፎቶ እኮ ይከብዳል፤ የስልኩ መስመር አይችለውም» አለች ማኅሌት።

«ቁም ነገር ምንጊዜም ይከብዳል፤ ይክበድ!» አሉ አባቷ።

ገጾቹ በኢንተርኔት በወጡ ማግሥት ከረባታቸውን አስረው ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ሄዱ፤ ስማቸውን ሳይናገሩም ከአንዱ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ። ደወለ ማለዳ የሚለው በሐረግ ያጌጠ ስም ከላይ ወደ ታች፣ በጣም በዝግታ፣ እየተጐተተ ወረደ፤ ከስሙ በታች ግን ነጭ ባዶ ብቻ ሆነ፣ መስመሩም ተቋረጠ። ደግመው ሞከሩ፤ ያው ስም ወረደ፣ ያው መስመር ተቋረጠ። ከጎናቸው፣ ቀድሞ ከአልታዬ ጋዜጣ ይከራይ የነበረ አንድ ጡረተኛ፣ የሌላ አገር ዜና እያነበበ ለብቻው ይስቃል። በትዕቢታቸው ስንት ጊዜ የተናደድሁባቸው እኔ ተራኪው፣ እነሆ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳስባቸው አንጀቴን ይበሉታል። ያንን ያህል የፈሩት ሌባ አልመጣም ነበር።

የኪራዩን ክልከላ አነሡ፤ አንባቢ ግን አልተመለሰም። ገጹን በጽሑፍ እንለውጠው ብላ ማኅሌት ብትማጸንም፣ ከዚያ በፊት ማተሚያ ቤቱ ዕዳቸው ስለበዛ ከአንድ የስንብት እትም በቀር አላትምም ብሎ በሩን ዘጋባቸው። የመጨረሻው እትም በወጣ ቅዳሜ ማለዳ አቶ ክፍለ ጽዮን በእግራቸው ወደ አራት ኪሎ ወረዱ። አልታዬ ጋዜጦቿን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ በድንጋዩ ላይ ማንም የለም። ማን እንደሆኑ ታውቃለች፤ ነገር ግን ቂሟን በልቧ ይዛ፣ የኪራዩን ሳንቲም ተቀብላ ደወለ ማለዳን ሰጠቻቸው። ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው የራሳቸውን የስንብት ቃል፣ አንድ ሰው ከኋላቸው የቆመ ይመስል፣ እየተጣደፉ ያነቡ ጀመር።

«ጋሼ፣ አይቸኩሉ» አለቻቸው አልታዬ፤ «የሚጠብቅ ሰው የለም።»

ቃሉን የሚሰርቅበት ሌባ ያለው ጸሐፊ ገና ባለጸጋ ነው፤ ፍጹም ድኽነቱ የሚጀምረው፣ ቃሉ በአደባባይ ተዘርግቶ ማንም ሳያነሣው በመሸበት ዕለት ነው።