የኤርመንጎል ዜማ ጭራ

እኛ ካታላኖች ሰርዳናን የምንጨፍረው እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ በክብ፣ እርምጃችንን እየቆጠርን ነው። ዜማው የት እንደሚያልቅ ቆጥሮ ያልደረሰበት ሰው እግሩ አየር ላይ ይቀራል፤ አደባባይ መሀል ከዚያ የባሰ ውርደት የለም። ስለዚህ ቆጠራ የሚያስት ዜማ የጻፈን ሰው ማንም አይወደውም።

አጎቴ ኤርመንጎል የጻፉት እንደዚያ ያለውን ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ስንሸነፍ የእሳቸውና የእናቴ ታናሽ ወንድም በበረዶ ወደ ፈረንሳይ ሲሸሽ መንገድ ላይ ቀረ። አጎቴ ለእሱ በጻፉት ሰርዳና ላይ፣ አለቀ ሲባል የሚቀጥልና ድንገት የሚቋረጥ ጭራ ጨመሩበት። "እሱም እንደዚሁ ነው የተቋረጠው" ይላሉ። ያኔ አንድ ጊዜ የከተማው ባንድ አደባባይ ላይ ተጫወተው። ክቡ ተደነቃቀፈ፤ ሰው ሳቀ፤ ዜማው መሳቢያ ገባ። የጻፏቸውን ሲምፎኒዎችማ የጠየቀም የለ።

በጦርነቱ ያሸነፈን አምባገነን ከሞተ በኋላ ከተማችን የራሷን ሰዎች ማክበር ጀመረች። እኔም ከዩኒቨርሲቲ እንደተመለስኩ ከንቲባውን ደጅ ጠንቼ፣ ሰርዳናው ለከተማው በዓል እንዲቀርብ አስፈቀድኩ። የአጎቴ ግራ ጆሮ ደንቁሯል፣ ቀኙም እየደከመ ነው።

"ቀኟን ለዚያ ቀን ነው የማቆያት" አሉኝ። "እናትህ ስትጮህብኝ በግራው ነው የምሰማት።"

በበዓሉ ቀን በመስከረም ሙቀት ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። የባንዱ አለቃ ጋልደሪክ በትንሿ ዋሽንቱ ከፈተ፤ የነሐስ መለከቶቹ ተከተሉ፤ ክቡ ተነሳ። መጨረሻው ሲቃረብ አጎቴ ጉልበቴን ጨበጡ።

"አሁን" አሉ። "አሁን ስማ።"

ባንዱ ቀጥ አለ። የጨፋሪው እግር ሁሉ እኩል መሬት ነካ። ጭራው የለም። አደባባዩ በጭብጨባ ተናወጠ። የአጎቴ እጅ አሁንም ጉልበቴ ላይ ነው።

ጋልደሪክ ላቡን እየጠረገ መጣና ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለ። "ጭራዋን ቆረጥናት! እንደ ድሮው ይሳቅባቸው እንዴ? አየህ፣ አንድ ሰው እንኳ አልተሳሳተም!"

ክፋት አልነበረበትም፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ከንቲባው የክብር ሜዳሊያ አጎቴ አንገት ላይ አጠለቁ። "መምህር፣ እንዴት አገኙት?"

አጎቴ ሜዳሊያውን ገልበጥ አድርገው አዩት። "ጥሩ ዜማ ነው" አሉ። "የማን ነው?"

ሰው በፍቅር ሳቀ። ከንቲባው ወደ እኔ ዞር ብለው፣ "አይ እርጅና!" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ይደገም! ይደገም!" አለ አደባባዩ። ጋልደሪክ ሮጦ ወደ ቦታው ተመለሰና ዋሽንቱን አነሳ።

አጎቴ በሁለት እጃቸው ወንበራቸውን እየጎተቱ አዞሩት፤ ግራ ጆሯቸውን ለባንዱ ሰጥተው ተቀመጡ።