ፈረንሳይኛዬና የእማዬ የጸሎት ቡድን

እኔ ጸሎት ጠልቼ አይደለም። ግን ሰው እንዴት በየቀኑ፣ ያውም ልክ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ይጸልያል?

ሶዶ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። አዲስ አበባ የፈረንሳይኛ መምህር ለመሆን ለሚፈልጉ ስልጠና ይሰጣል ሲባል ተመዘገብኩ። መግቢያው የቋንቋ ብቃት ፈተና ነው። ዘንድሮ ካላለፍኩ ለከርሞ ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም፤ በቃ፣ ጠመኔዬን ይዤ እዚሁ እቀራለሁ። ማንበቡንና መጻፉን እንደምንም እወጣዋለሁ። የሚገድለኝ ማዳመጡ ነው። ሰዎቹ ቃላቱን እርስ በርስ አጣብቀው ነው የሚናገሩት፤ የድምፅ ቅጂው ደግሞ ሁለቴ ብቻ ይሰማል።

እማዬ ይህን በሰማች ማግስት የጸሎት ቡድኗን ቤት ጠራች። "ለልጄ ፈተና እንጸልይ" ብላ። ጥሩ። ለአንድ ቀን መስሎኝ ነበር። ምን አንድ ቀን! ከትምህርት ቤት በተመለስኩ ቁጥር ሳሎኑ ሞልቶ ይጠብቀኛል። እነሱ ዘንድ ደግሞ አንዱ ጸልዮ ሌላው አሜን አይልም። ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በየራሱ፣ በወላይትኛ፣ ጮክ ብሎ! ማን ምን እንደሚል ጌታ ብቻ ነው የሚለየው።

ሌላ ቦታ አልሞከርኩም? ሞክሬያለሁ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ገባሁ፤ ወሬው አያስቀምጥም። ዳሞታ ተራራ ስር ወጥቼ ተቀመጥኩ፤ የሚያውቀኝ ሁሉ "ምን ሆነሽ ነው ብቻሽን?" እያለ መድረሻ አሳጣኝ። እማዬን "ቤተ ክርስቲያን ብትጸልዩስ?" ብላት፣ "አንቺ ባለሽበት ነው የሚጸለየው" አለችኝ። ምን ይባላል? ወንድሜ ኤልሳዕ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በዚያው ከቀረ ወዲህ እኔና እሷ ብቻ ነን። ልቆጣት አልቻልኩም።

ፈተናው ቅዳሜ ሊሆን ሐሙስ ዕለት ግን ቻልኩ። መኝታ ቤት በሩን ዘግቼ፣ ትራስ ራሴ ላይ አድርጌ፣ አንዲት ሴት ስለ ባቡር መዘግየት ስታወራ አዳምጣለሁ። ማዳመጥ ከተባለ! ከእሷ ይልቅ ጎልቶ የሚሰማኝ ከጸሎት ቡድኑ የእትዬ ሳህሊቱ ድምፅ ነው። ማዳመጫውን ነቅዬ ሳሎን ገባሁ።

"ኧረ በፈጠራችሁ ዝም በሉ!"

ጸጥ አለ። እትዬ ሳህሊቱ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ያላቆመችው እማዬ ብቻ ናት። ሶፋው አጠገብ ተንበርክካ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ፊቷ በእንባ ርሶ፣ ጭራሽ አልሰማችኝም።

"ጌታ ሆይ፣ ይህን በር ዝጋው" አለች። "ፈተናውን እንዳታልፍ አድርግልኝ። የቀረችኝን ልጅ አትውሰድብኝ።"

እትዬ ሳህሊቱ ከልማድ "አሜን" ብለው፣ ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

እማዬ ዓይኗን ገለጠች። ሁላችንንም አየች። እኔ በሷ ጸሎት ጆሮዬ እስኪደነቁር የከረምኩት ለዚህ ነው?

"እማዬ፣ ይህን ነው ስትጸልዪ የከረምሽው?"

"አዎ" አለች። አላፈረችም። "የምፈልገውን ነገርኩት። እሱን ልዋሸው እንዴ?" እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ አጠገቧ ያለውን ምንጣፍ መታ መታ አደረገች። "ነይ ብሩክታይት፣ አንቺም የምትፈልጊውን ንገሪው። ከሁለታችን የወደደውን ይስማ።"

ተንበረከክኩ። እያለቀስኩ፣ ከእሷ በላይ ጮኽኩ።