ተፈላጊ ብዛት፦ አንድ

በክሪሚኖሎጂ፣ በወንጀል ጥናት፣ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሙሉ የደብረ ታቦርን የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ስዞር፣ የትምህርቴን ስም ጽፎ የጠራኝ አንድም መሥሪያ ቤት አልነበረም። መዝጋቢዎቹ ዲግሪዬን አገላብጠው «ሕግ ነው ወይስ ፖሊስ?» ይሉኛል። ሁለቱም አይደለም ስላቸው መልሰው ይሰጡኛል። ገሳይ ከተማ ያለችው እናቴ ደግሞ «ልጄ ዳኛ ሆናለች» ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታልኛለች። እሱን ማስተባበል ሥራ ከመፈለግም የከበደ ነበር።

ባለፈው ጥር አንድ ማረሚያ ቤት የታራሚዎች አማካሪ ፈለገ። ክሪሚኖሎጂ ተብሎ በግልጽ ተጽፏል፤ ብዛት አንድ። የጽሑፍ ፈተናውን እኔና ዮናስ የሚባል ልጅ አለፍን። የዚያን ቀን ባጃጅ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሹፌሩ እየዞረ አየኝ።

ለመጨረሻው ፈተና የማረሚያ ቤቱ ኃላፊ ኮማንደር ዓለምነው የአንድ ታራሚን መዝገብ ለሁለታችንም አባዝተው ሰጡን። «በአመክሮ ይፈታ ወይስ አይፈታ? ምክንያታችሁን ጻፉ» አሉ።

ገለጥኩት። የድንበር ጠብ፣ ዱላ፣ አንድ ሟች። የሟች ስም በላይነህ ማሩ፤ አባቴ።

ሰውየው ዘጠኝ ዓመት ያለ ጥፋት ታስሯል፤ ሽመና ተምሯል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከሟች ቤተሰብ ጋር እርቅ አልተፈጸመም።» ለምን እንዳልተፈጸመ እኔ አውቃለሁ። ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ደጃችን መጥተው እናቴ እሺ ልትል ስትል፣ «ከታረቅሽ ከዚህ ቤት እወጣለሁ» ያልኳት እኔ ነኝ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ይህን ትምህርት የመረጥኩትም በዚያው ንዴት ነው።

ይፈታ ብዬ ብጽፍ ያምርልኛል። አይፈታ ብልም ምክንያት አላጣም። ግን የትኛውም ከመዝገቡ የመጣ ሐሳብ እንዳልሆነ ልቤ ያውቀዋል። ተነሣሁ።

«ኮማንደር፣ ሟቹ አባቴ ነው። በታራሚው ጉዳይ ሐሳብ መስጠት አይገባኝም።»

ስሜን ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ። «ሌላ መዝገብ እንዳልሰጥሽ ፈተናው ለሁለታችሁም አንድ መሆን አለበት» አሉ በመጨረሻ። «አዝናለሁ፣ ልጄ።»

ዮናስ አለፈ። ሁለት ቀን አልጋዬ ላይ ተኝቼ አለቀስኩ። በሦስተኛው ቀን በሚኒባስ ገሳይ ሄድኩ። እናቴ ገብስ እያበጠረች ነበር።

«እማዬ፣ ሽማግሌዎቹን ጥሪያቸው። ሰውየውን አሁንም አልወደውም። ግን በእኔ እልህ መታሰሩ ይብቃ።»

ሰፌዱን ጭኗ ላይ አሳርፋ ትክ ብላ አየችኝ። «ለሥራው ብለሽ ነው?»

«ሥራውማ ለሌላ ሰው ተሰጠ።»

ነጠላዋን አጣፍታ ከሽማግሌዎቹ አንዱን፣ ቄስ ተክሌን፣ ልትጠራ ወጣች። ሐሳቤን እንዳልቀይር ፈርታ ነው መሰለኝ፣ ጫማዋን እንኳ በወጉ አላጠለቀችም።